ተሟልቶ ይቅረብ

በ1971 ዓ.ም. ዋቅወያ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረ። ዕድሜው ሃያ አራት ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ማመልከቻ ይቀበላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወደመራበት ቢሮ ያደርሰዋል።

የእስረኛ ማመልከቻ የሚመራበት ቢሮ እንደ መረጃው ብዛት ይለያያል። የእስረኛው ስም እስከ አያት፣ ቀበሌው፣ የቀድሞ ሥራውና የተያዘበት ቀን አራቱም ከተሟሉ ወደ ቁጥር ዘጠኝ ይሄዳል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ወደ ቁጥር ሦስት ነው። ደንቡ በካርቶን ተጽፎ ከበሩ ጀርባ ተለጥፏል።

ቁጥር ሦስትን ሠራተኛው «መቃብር» ይለው ነበር። እዚያ ያለው ጓድ ጨመዳ ሁሉም ላይ «ተሟልቶ ይቅረብ» ብሎ ይጽፍና ይመልሳል። ከዚያ በላይ የሠራው ሥራ አይታወቅም።

ቁጥር ዘጠኝ ግን ሌላ ነው። ዋቅወያ ሥራ ሲፈታ የቆየውን መዝገብ እየገለጠ አየ። ወደ ዘጠኝ የተመራ ሁሉ በሳምንት ውስጥ «ጉዳዩ አልቋል» ተብሎ ተዘግቷል። ቅሬታ ይዞ የተመለሰ ባለጉዳይ አንድም የለም። እንዲህ የሚሠራ ቢሮ መኖሩ አስደሰተው።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነገራ ይባላል። አርባ ያልሞላው፣ ያላገባ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደራርቱ የምትባል ሴት ትመጣለች። ባሏ ጆቴ ከሰባት ወር በፊት ገበያ መሐል በአፈሳ ተይዟል። የዚያን ቀን የታፈሰው ሰው ብዙ ስለነበር ዘቡ ሁሉንም በአንድ በአንድ ስም ብቻ መዝግቦ አስገባቸው። ደራርቱ ባሏ ከተያዘ ወዲህ ከተጠጋችበት ከጉቶ ጊዳ ሦስት ሰዓት በእግሯ ትጓዛለች። መጀመሪያ እስር ቤት ስንቅ ታደርሳለች፣ ከዚያ ማመልከቻዋን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቆማለች። የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ባሏ በሕይወት ይውጣላት።

ነገራ ሁልጊዜ ሰበብ አያጣም። አንድ ቀን የተያዘበት ቀን አይነበብም አላት። አንድ ቀን ቀበሌው ያጠራጥራል አለ። አንዴ አያቱን ጭምር ጽፋ መጣች። ነገራ ወረቀቱን ቀደደና በሌላ ራሱ ገለበጠው፣ አያቱን ትቶ። ከዚያ ወደ ቁጥር ሦስት መራው። ሲያሰናብታትም የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበረው።

«ስንቁን ተቀበሉሽ?»

«ተቀብለዋል፣ ኦቦ ነገራ።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

ምክንያቱን ለዋቅወያ የነገረችው ታይፒስቷ ሸዋጌጥ ናት። ደራርቱ ልጃገረድ ሳለች ነገራ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። አባቷ እምቢ ብሎ ለጆቴ ሰጣት። «በሽማግሌ ያጣትን በማኅተም ሊያገኛት ነው» አለች ሸዋጌጥ። ባልየው እዚያ ሲበሰብስ ሴትየዋ ይደክማታል፤ ያኔ ነገራ አዛኝ ሆኖ ብቅ ይላል ብላ ሳቀች።

ዋቅወያ አልሳቀም። በማግስቱ ለነገራ፣ የጎደለውን ጠይቀን ብንሞላላት ጉዳይዋ ዘጠኝ ይደርስ ነበር አለው።

«አንተ ቁጥር ስጥ» አለ ነገራ። «መምራት የኔ ነው።»

ግንቦት ላይ ነገራ ለፖለቲካ ትምህርት ጊምቢ ተጠራ። ሰኞ ሄደ። ማኅተሙም መምራቱም ለዋቅወያ ቀሩ።

ማክሰኞ ደራርቱ በዝናብ በስብሳ መጣች። ዋቅወያ ወደ ውስጥ አስገባት፤ ወንበር ሰጣት። በዚያ መሥሪያ ቤት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እስክሪብቶውን አንስቶ እያንዳንዱን ጠየቃት። ጆቴ አዱኛ ታፋ። ከመያዙ በፊት የኖረበት የከተማው ሰፈር ጨለለቂ፣ ቀበሌው ከነቁጥሩ። የተያዘበት ቀን። ሥራው ላይ ስትደርስ ወደ በሩ ዘወር ብላ አየች።

«መምህር ነበር» አለች። «እሱን አታንሺ ብሎ ልኮብኛል።»

«ጥፋት የሌለው ሰው ሥራውን አይደብቅም፣ አዴ ደራርቱ።»

«እውነትህን ነው?»

«ይኸው ሳይሟላ ሰባት ወር አየሽው።»

እሷም ጻፈው አለችው። ስትወጣ «ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ» ብላ መረቀችው፤ እግዚአብሔር ይስጥህ ማለቷ ነው።

ዋቅወያ ማመልከቻውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ፣ ማኅተም መትቶ፣ ራሱ ወደ ቁጥር ዘጠኝ ወሰደው። እዚያ ያለው ሰው ቆሞ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ የዋቅወያን እጅ ጨበጠ።

ነገራ ዓርብ ጠዋት ተመለሰ። ካፖርቱን ሳያወልቅ መዝገቡን ከፈተ። ጣቱ በመስመሮቹ ላይ ወረደና አንዱ ላይ ቆመ።

«ማን መራው?»

«እኔ።»

«አራቱንም ሞልተህ?»

«አራቱንም።»

ነገራ መዝገቡን ዘጋ። ካፖርቱን እንደ ለበሰ ተቀመጠ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣም። ሻይ ሲመጣለት አላየውም። ሸዋጌጥ ከታይፑ ቀና ብላ ዋቅወያን በዓይኗ ጠቀሰችው። «ሠርጉ ተበላሸበት» አለች በሹክሹክታ። ዋቅወያ ከተቀጠረ ወዲህ የዚያን ቀን ያህል በሥራው ኮርቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከቁጥር ዘጠኝ ለመዝገብ ቤቱ የተጻፈ የታሸገ ደብዳቤ ደረሰ። ዋቅወያ ከነገራ ቀድሞ ከፈተው።

«በአፈሳው ከተያዙት ሦስት ጆቴዎች የምንፈልገው የትኛው እንደሆነ ለሰባት ወር ሳይለይልን ቆይቶ ነበር፤ አሟልታችሁ በላካችሁልን መረጃ ጉዳዩ ትናንት ስላለቀ ለመዝገብ ቤቱ ምስጋናችንን እናቀርባለን።»