በቀጠሮ ቀን የማትነሳው መኪና

ይህን ታሪክ አንብቦ መጨረስ፣ ጠዋት መኪና አስነስቶ እስኪሞቅ ከመጠበቅ ብዙም አይበልጥም። እንደማያስቆጫችሁ ግን ቃል እገባለሁ። በተለይ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ጠጋ በሉ።

ፀጉር ቆራጩ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። እናቱ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የስፌት ማሽናቸው ሲበላሽ እንኳ ራሳቸው ፈተው ራሳቸው ይገጥሙት ነበር። አሁን ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። ኩላሊት ማለት የደም ወንፊት ነው፤ ወንፊቱ ሲደፈን ደሙን ማሽን ያጥበዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ሆስፒታሉ ከተማውን አቋርጦ ማዶ ነው። ማሽኑ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ስለሆነ የረፈደበት ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል።

በአውቶቡስ ሞክረው እናቱ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ራሳቸውን ሳቱ። በማለዳ እነሱ ሰፈር ድረስ የሚመጣ ታክሲ የለም። ልጁ የፀጉር ቤቱን ወንበሮችና ትልቁን መስታወት ሸጠና መኪና ሊገዛ ሄደ።

የመኪና ነጋዴውን ሰፈሩ "በእኔ ይሁን" ይለዋል።

"ሞተሯ ሰዓት ነው! በእኔ ይሁን። እንደሷ የምትታዘዘኝ ሚስት እንኳ የለችኝም" አለ።

ምክር አያልቅበትም። የጎማ ነፋስ በየሳምንቱ አስለካ አለ። ውሃ ሳታይ አትንቀሳቀስ አለ። ከመሪው ስር ካለችው ሳጥን ጥፍር የምታህል ቀይ ፊውዝ ነቅሎ፣ ሌባ የበዛበት ቦታ ስታቆም ይህችን ኪስህ ጨምራት፣ ያለሷ አትነሳም አለ። በዝናብ ጊዜ መጥረጊያውን ቀይር አለ። ልጁ ከሆስፒታሉ ተራ እያስያዘ ስለነበር ጆሮው ስልኩ ላይ ነበር። ነጋዴውን እስከ መጨረሻው የሰሙት ከጎን የተቀመጡት እናቱ ብቻ ናቸው። "ተባረክ ልጄ" አሉት።

ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። ልጁ ደንበኞቹን በቤታቸው በረንዳ ላይ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ይቆርጣል። "ነፋሱን ይወዱታል እማ" ብሏቸዋል። እናቱ መስኮቱ ስር ተቀምጠው የአዝራር ቆርቆሯቸውን አቅፈው አዝራር በየቀለሙ ይለያሉ። መስፋት ካቃታቸው ወዲህ ሥራቸው ይህ ነው፤ ቆርቆሮዋን ሳይዙ አይተኙም።

አንድ ረቡዕ አንድ ደንበኛ አንገቱን እያስላጨ "ለመሆኑ መስታወቱን ለማን ሸጥከው? አሁን ጆሮዬን ብትቆርጠኝስ በምን አያለሁ?" ብሎ ሳቀ። ልጁ ወደ እናቱ መስኮት ዘወር አለ።

በማግስቱ መኪናዋ አልነሳ አለች። ቁልፉን ሲያዞር ትጮሃለች፣ ታስላለች፣ ትሞታለች። ዳቦ አከፋፋይ ጎረቤታቸው በጭነት መኪናው አደረሳቸው። ተራው ግን አልፎ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የነጋዴው መካኒክ መጣ። እናቱ "ሻሌን መኪናው ውስጥ ረሳሁት" ብለው ቁልፉን ይዘው ቀድመው ወጡ፤ ከዚያ ለመካኒኩ አስረከቡት። ገና ሲያዞረው ሞተሩ ተነሳ።

"ወንድሜ፣ ጠዋት ያልተነሳው መኪናዋ ናት ወይስ አንተ?" አለ መካኒኩ።

"በእናቴ ሕይወት አትቀልድብኝ!"

ቅዳሜም እንደዚያው። እሑድ ትነሳለች፣ ሰኞ ትነሳለች። የሚያሳብደው ይህ ነበር። ቅዳሜ ተራው ካለፈ በኋላ ሲደርሱ ሐኪሙ ልጁን ኮሪደር ላይ አስቁሞ "ካሁን በኋላ አንድ ቀን ቢያመልጣቸው ልባቸው አይችልም" አለው። ማክሰኞ በዳቦ መኪና ለጥቂት ደረሱ።

ልጁ እንቅልፍ አጣ። ነጋዴው በስልክ "ካስቸገረችህ በግማሽ ዋጋ እቀበልሃለሁ" ብሎታል። ሁለተኛው ቁልፍም እስካሁን እሱ ዘንድ ነው። ሁለቱን ሲያገጣጥማቸው ደሙ ፈላ።

"ተወው ልጄ፣ ሰውየውን አታስቀይመው" አሉ እናቱ። "ያለቀ ጨርቅ መርፌ አይይዝም።"

"ጨርቅስ ብትሆን እሺ፣ ይቺ ቆርቆሮ ናት!"

ሐሙስንም በልመና መኪና ካለፉ በኋላ፣ ሄዶ የነጋዴውን ኮሌታ ጨመደደ። "እየመጣህ የምታበላሻት አንተ ነህ! በግማሽ ልትቀማኝ! ቁልፉ የታለ?"

ነጋዴው መሳቢያውን ከፈተ። ቁልፉ እዚያው ነበር። ገዢዎች ቆመው ያያሉ። ነጋዴው ላቡን ጠረገ።

"ስማኝ። እናትህ ለእኔም እናቴ ናቸው። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስባትን የራሴን መኪና ውሰድ። ሁለቱንም ቁልፍ እንካ። ይሄ በእኔ ይሁን!"

አዲሷ መኪና ቅዳሜን አደረሰቻቸው። እሑድም እናቱን ይዞ ሰፈሩን ዞረ፤ በሳምንታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏጨ። ሰኞ አመሻሽ ላይ እናቱ ሻላቸውን ሊያመጡ ቁልፉን ይዘው ወርደው፣ ደረጃውን ሦስት ጊዜ አርፈው ወጡ።

ማክሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቁልፉን አዞረ። ጮኸች፣ አሳለች፣ ሞተች።

ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። ዳቦ አከፋፋዩ ወጥቷል። መንገድ ላይ ሮጦ እጁን ቢያውለበልብ የቆመለት የለም። ነጋዴው ጋ ደውሎ አፉ ያመጣለትን ሁሉ ተሳደበ።

"ጨረስክ?" አለ ነጋዴው። "ልብሳቸውን አልብሳቸው። እኔው መጥቼ አደርሳቸዋለሁ።"

በሩብ ሰዓት ደረሰ፤ ከላይ ፒጃማ ለብሷል። ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። እናቱ አልጋቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸው አብጧል።

"ዛሬስ ደክሞኛል። ተዉኝ ልተኛ።"

"እንቅልፉ ማሽኑ ላይ ነው እናቴ" አለ ነጋዴው።

ልጁ እናቱን ከእነብርድ ልብሳቸው አነሳቸው። ቆርቆሮዋ ከእቅፋቸው አምልጣ ወደቀች። አዝራሩ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ እየተንከባለለ አልጋ ስር ገባ።

"ተዋቸው!" አሉ እናቱ፤ ድምፃቸው ድንገት ጠነከረ። "አዝራሮቹን አታንሷቸው!"

ነጋዴው ግን ጎንበስ ብሎ፣ ከጫማው አጠገብ ጥፍር የምታህል ቀይ ፊውዝ አነሳ።