የፍርሃት ተረኛዋ

በዚያች ባለ ሸራ መርከብ ላይ የሚፈራው በቀን አንድ ሰው ብቻ ነው። የሌሎቹ ፍርሃት፣ ከመርከቧ እስካልወጡ ድረስ፣ አንገታቸው ሥር በተቀበረችው ትንሽ መሣሪያ በኩል ወደ ተረኛው ይተላለፋል፤ እነሱ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ሸራ ይጎትታሉ። ውቅያኖስ ላይ በዋሉ በአርባ አንደኛው ቀን ተራው የይርገዱ ነበር።

ማዕበሉ ከማለዳ ጀምሮ መርከቧን ያላጋታል። ይርገዱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምሰሶ አቅፋ የሦስት ሰው ፍርሃት በራሷ ላይ ደርባ ተሸክማለች። ለይታ ታውቃቸዋለች፤ የእልፍነሽ ፍርሃት ሆድ ይቆርጣል፣ የመኩሪያው ጉልበት ያብረከርካል፣ የጋሽ ተካልኝ ደግሞ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ደረት ላይ ይጫናል።

ተረኛ እጁ ስለማይጸናለት የሚበላው በሰው እጅ ነው። ጋሽ ተካልኝ ዳቦ በምስር ወጥ ነክሮ አጎረሳት።

«ጋሼ፣ ገመድህን ታጠቅ እንጂ!» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«ምን ያስፈራሻል? ሸራዋን አጥብቄ መጣሁ።» ሁለተኛውን ጉርሻ አዘጋጅቶ ኩባያ ውስጥ አኖረላት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይቺን ስመለስ አጎርስሻለሁ።»

እያፏጨ ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ መርከቧ በጎኗ ተኛች፤ እንደ ምንም ቀና አለች። ያን ጊዜ የይርገዱ ደረት ቀለላት። የወፍጮው ድንጋይ የለም። ዞር ስትል የጋሽ ተካልኝ የወገብ ገመድ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

«ጋሼ ባሕር ገባ! ድረሱለት!» ብላ ጮኸች።

ከላይ የእልፍነሽ ድምፅ በእርጋታ መለሰላት።

«እሺ ይርገዱዬ፣ ይቺን ቋጠሮ ልጨርስና አየዋለሁ።»