እንግዳው ስልክ

ልጇ ያፌት «ሁለተኛ የዚህን ቤት ደጅ አልረግጥም» ብሎ ከወጣ ወዲህ፣ ሴትየዋ ማታ ማታ ትቶት የሄደውን ላፕቶፕ እየከፈተች ኢሜይል ትጽፍለት ነበር። መልስ መጥቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ላፕቶፑ ከዋይፋዩ ጋር አልገናኝ ያለ ዕለት፣ ምናልባት ዛሬ ጽፎልኝ ይሆናል ብላ ልቧ ተንጠለጠለ።

በግቢዋ ያለውን የሰርቪስ ቤት አዲስ ተከራይ ዳግምን ጠራችው። ዋይፋዩን አጥፍቶ አበራው፤ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገባ፤ ተገናኘ። ኢሜይሏን አየች። ከልጇ የመጣ ነገር የለም።

«እትዬ፣ ስንት ስልክ አለዎት?» አለ ዳግም፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳይነቅል።

«ይቺው ናት» አለች፣ ከመደወል በቀር ምንም የማትሠራ ስልኳን እያሳየችው።

«እንግዲያው ሌባ ገብቶብዎታል። አሁን በዚህች ደቂቃ አንድ ሰው በዋይፋይዎ እየተጠቀመ ነው።»

«ወይ የጎረቤት ነገር! ቁረጥልኝ!»

«ጎረቤት እንኳ አይመስለኝም፤ እዚህ አጥሩ ሥር ካልቆሙ አይደርስም። የይለፍ ቃሉን ድሮ የያዘ ስልክ ነው፤ እንዲህ ያለው ሲጠጋ ራሱ ይገባል።» በዋይፋዩ የሚጠቀሙት ወደተዘረዘሩበት ስክሪን ጎንበስ አለ። «ስሙም አለ፤ ‹የያፌት ስልክ› ይላል። ላጥፋው?»

«እንዳትነካው!»

ድምፅዋ የመጣው ከግቢው ነው። በባዶ እግሯ የውጭውን በር መቀርቀሪያ እየሳበች ነበር።