የታናሿ ብልቃጥ

መምህሯ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ታየዋለች። ትናንት ጥርት ያለ ሮዝ የነበረው ፈሳሽ ደፍርሷል። ጥግ ላይ የጥጥ ብጣሽ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል።

"ሻጋታ" ትላለች። "ማንም ክዳኑን እንዳይነካ።"

ተማሪዎቹ ከኋላዋ ተኮልኩለዋል። ዛሬ የነቀርሳ ሴሎችን ወርቅ ሊያበሉ ነበር፤ በዓይን እስከማይታይ የደቀቀ፣ መድኃኒት አዝሎ ሴሉ ውስጥ የሚገባ ወርቅ። እሱ ቀረ። የቤተ ሙከራው ሕግ አጭር ነው፤ የሻገተ ብልቃጥ ወዲያው በረኪና ተሞልቶ ይደፋል። ሴሎቹ የሚያድጉበት ማሞቂያ የጋራ ነው፣ ሻጋታው ካመለጠ የሰው ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል።

"ችግር የለውም ቲቸር" ይላል ፈላስፋው። ፈላስፋ ያሉት የማያገባው ነገር ስለሌለ ነው። "ከቀዘቀዘው ሌላ እናወጣለና።"

"የለም።"

"እንዴት የለም?"

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ባለፈው ወር እሱ ራሱ ተጠባባቂ ሳያስቀምጥ ሴሎቹ ሞቱበትና ሰው ፊት ልክ ልኩን ነግራዋለች። መጀመሪያ ቀን የምታስተምረው ይህንኑ ነው፦ ከማንኛውም ሴል ላይ ከፍላችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ሌላውን ታወራላችሁ።

እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ግን ከታናሽ እህቷ ሆድ የወጣ እጢ ነው። እህቷን ከሆስፒታሉ የአስከሬን ማቀዝቀዣ መሳቢያ ስበው ሲያወጡ ፈርማ የተረከበቻት እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ይህን ብልቃጥ ወደ ቅዝቃዜ መውሰድ እጇ እምቢ አለ።

ወርቁንም እስከ ዛሬ አልሰጠችውም። እህቷ ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ፣ "ሳልማር ላብራቶሪሽ ገባሁ አይደል?" ብላ ስቃ ነበር። "እኔ ጆሮዬ ላይ ያላደረግኩትን ወርቅ በልቶ ይሙት። አንቺው ግደዪልኝ።" እሺ አለቻት። ከዚያ ትንሽ ይብዛ፣ ትንሽ ይብዛ እያለች ስታባብለው ከረመች። ለዛሬ የወሰነችውም በስንት ትግል ነው። ለእናቷም ነግራቸዋለች።

በሩ ይንኳኳል።

"ደረስኩ? ሳትገድሉት ደረስኩ?" እናቷ ናቸው። ዘበኛው ያለበሳቸው ጋውን ሰፍቷቸው እጅጌውን እየጠቀለሉ ይገባሉ።

ተማሪዎቹ ወንበር ይለቁላቸዋል። አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ታነሳለች። "እማማ፣ ወርቁ ይኸውልዎት።"

"ይሄ ቀይ ውሃ? እኔ ቲማቲም ያጠባችሁበት መስሎኝ!"

"ወርቅ እንዲህ ሲደቅ ቀይ ነው እማማ።"

"እህ! ታዲያ ስንት ዓመት ቢጫ ነው እያሉ ሲያሞኙን ኖሩ?"

ይስቃሉ። መምህሯ አትስቅም። ብልቃጡን ማይክሮስኮፑ ሥር ታደርግና እናቷን በትከሻቸው ይዛ ታጠጋቸዋለች። እንዴት አድርጋ እንደምትነግራቸው አታውቅም።

እናቷ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ያያሉ።

"የትኞቹ ናቸው?"

"ተጠጋግተው የተኙት።"

"እነዚህ ክሮችስ?"

"ሻጋታ ነው እማዬ። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት።"

"እጠቢያታ።"

"አይታጠብም። ሥር ሰዷል።"

"የያዘውን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ…"

"ተሰራጭቷል። ዘግይተናል።"

ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። ቃሉ የእህቷ ቀዶ ሐኪም ነው። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ የተናገረበት ድምፅ ሳይቀር የእሱ ነው። እናቷ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብለው ያዩዋታል። እሳቸውም ለይተውታል።

"ወርቁስ?" ይላሉ።

"ቀን ሙሉ ይፈልጋል። እስከዚያ ማሞቂያው ውስጥ ላቆየው አልችልም። ደግሞ እንዲህ ሆኖ ቢሠራ ውጤቱ አይቆጠርም።"

"ማን ሊቆጥር ነው?"

መምህሯ ብልቃጡን ከማይክሮስኮፑ ሥር ታነሳለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እማዬ" ትላለች መምህሯ። "ከፍዬ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ለእነዚህ ጠዋት ማታ የምጮኸው እሱን ነው። ማቀዝቀዝ አቃተኝ።"

"ልጄን የበላት ይሄ አይደል?"

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

ማልቀሷን አላወቀችም ነበር። በጋውኗ እጅጌ ፊቷን ትጠርጋለች። "ሌላ ምን ተረፈን?"

እናቷ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ለእንግዳ ብልቃጥ አይሰጥም፣ ይህም ሕግ ነው። መምህሯ ክዳኑን አጥብቃ ትሰጣቸዋለች፤ ዞራ ከመደርደሪያው ሥር በረኪናውን ታወጣለች።

"አንቺ" ይላሉ እናቷ ከኋላዋ። "ትሞቃለች እኮ!"

በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ደረታቸው ላይ አስጠግተዋታል።

የማሞቂያው ሙቀት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፈላስፋው አፉን ይከፍትና አጠገቡ ያለችው ልጅ በክርኗ ስትጎስመው ይዘጋዋል።

መምህሯ በረኪናውን ይዛ ትቆማለች። እስኪበርድ ልጠብቅ ትላለች በልቧ። ትጠብቃለች። እናቷ ግን እጃቸውን አይለቁም፣ ብልቃጡም አይበርድም።