የአይናለም ትንፋሽ

«እትዬ አልታየሽ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ወንበሩ ክፍት ነው» አለች እሌኒ።

«ውይ፣ ለአይናለም የያዝሽላት መስሎኝ!» አሉና ከወንበሩ ጎን ተቀመጡ። ልጃቸው አይናለም ከሞተች ገና ጥቂት ወራት ነው። «አንቺ እኮ አትረሻትም።»

እሌኒ ሄዳ ከዘማሪዎቹ ጋር ቆመች።

እሷና ጓደኛዋ አይናለም በዚህ የፊንስበሪ ፓርክ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች ሴቶች ጋር የጥንት አውሮፓ ዜማ ይዘምሩ ነበር። የእነሱ ድርሻ ከዜማው ሥር የሚሄደውን ወጥ ድምፅ መያዝ ነው፤ እንዳይቋረጥ አንዷ ስትተነፍስ ሌላዋ ትይዘዋለች። እሌኒ ግን ለብቻዋ መያዝ አማራትና ለመሪያቸው «የአይናለም ትንፋሽ አጭር ነው» አለቻት። አጭሩ የራሷ ነበር። አይናለም ከዘማሪዎቹ ተሰናበተች፤ ማን እንዳስወጣት ሳታውቅ ታማ ሞተች።

ዜማው ተጀመረ። እሌኒ ትንፋሿ አለቀባትና ዝም አለች። ድምፁ ግን አልተቋረጠም። እንደ ድሮው፣ አይናለም ትቆምበት ከነበረው ከግራዋ በኩል ይመጣል። አይናለም ሁልጊዜ የምትተነፍስበት ቦታ ደረሰ፤ ሳይተነፍስ አለፈው።

መሪዋ እጇን አወረደች። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ዘጉ። ድምፁ ቀጠለ።

እትዬ አልታየሽ ብድግ ብለው ልጃቸውን በስሟ ጠሩ።