ከድስቱ በላይ የተሰቀለው ስም

ገና ሳይነጋ ቪን ወንበር ላይ ቆሞ የአዲሱን የመብራት ሰሌዳ የመጨረሻ ሚስማር ይመታል። እናቱ ካም ከታች ድስቷን ከድና ትጠብቃለች፤ የግድግዳው ኖራ መረቁ ውስጥ እንዳይረግፍባት። ደጅ ላይ የሁዌ ከተማ ካፊያ እንደያዘ ነው፤ በዚህ ወቅት ሲነጋም ሲመሽም አያባራም።

«አብራው እስቲ» ትላለች፣ ደስ ያላት ለመምሰል እየሞከረች።

ማብሪያውን ይጫነዋል። ሮዝ መብራት ቦግ ይላል፦ «ቡን ቦ ሁዌ»። ዝቅ ዝቅ ያሉት የቁርስ ቤቱ የላስቲክ በርጩማዎች፣ እርጥቡ መንገድ፣ የካም እጅ ሳይቀር ሮዝ ይሆናሉ።

የካም ዓይን «ሁዌ» የሚለው ላይ ይቀራል። በዚህ ከተማ ቡን ቦ ቡን ቦ ነው፤ የበሬ አጥንት በጠጅ ሣር የሚፈላበት፣ የሩዝ ኑድል የሚገባበት፣ ጠዋት ተበልቶ ረፋድ ላይ የሚያልቅ ሾርባ። ሁዌ ብለው የሚጽፉበት ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች ናቸው። እናቷ እዚሁ ጥግ ላይ ስትሸጥ ጭራሽ ሰሌዳ አልነበራትም፤ ሰው ሽታውን ተከትሎ ይመጣ ነበር።

ግን ሆድ ይፍጀው። ቪን ለሥራ ከሄደበት ከሳይጎን ከተማ ሲመለስ እንቅጩን ነግሯታል፤ ቁርስ ቤቱ ዘመናዊ ከሆነ ይቀራል፣ ካልሆነ ከአዲስ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይሄዳል። ልጇ የሚቀርላት ከሆነ እንኳን ሰሌዳ፣ ጣሪያውን ሮዝ ቢቀባውም እሺ ትላለች።

ጋሽ ፌን ጃንጥላቸውን እያራገፉ ይገባሉ። ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ካም በልጅነቷ እናቷን ከምታግዝበት ጊዜ ጀምሮ ቁርሳቸውን እዚህ ነው የሚበሉት። ቀና ብለው ሰሌዳውን ያነባሉ። ደግመው ያነባሉ።

«አንቺ ካም፣ ከተማ ቀየርን እንዴ?»

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ይበርድብዎታል።»

«አይ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው። ማታ ሁዌ ነበር የተኛሁት። አሁን ደግሞ አገሬን በመብራት ይነግሩኛል!»

«ሳይጎን እንዲህ ነው የሚጻፈው» ይላል ቪን። «ወጣቱ ፎቶ ይነሳበታል፣ እንግዳው ከሩቅ ያየዋል። እዚህ ሰው ገና አልነቃም።»

«ሳይጎን! መረቁ ውስጥ ስኳር የሚጨምሩት?» ጋሽ ፌን በርጩማው ላይ ዘፍ ይላሉ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። እኛ እዚህ ተወልደን፣ በዚሁ ዝናብ በስብሰን፣ የሁዌን ቡን ቦ ከሳይጎን ልንማር!»

ጥግ ላይ የተቀመጡት ተመጋቢዎች ይስቃሉ። የቪን ጆሮ ይቀላል። ካም ድስቷን ከፍታ ታማስላለች። ከሽማግሌው ጋር መሳቅ አምሯታል፤ ጭልፋውን ልትወረውርባቸውም አምሯታል።

ቪን መዶሻውን ያስቀምጣል።

«እዚህ ሁዌ ተብሎ እንደማይጻፍ አውቃለሁ ጋሼ።» ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሳይጎን የገባሁ ሰሞን የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። አፌን ስከፍት በአነጋገሬ ይስቃሉ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ፣ ዝናብ እየደበደበኝ፣ በዚያ ሁሉ ሞተር ብስክሌት መሀል ስሄድ አንድ ጥግ ላይ ሁዌ የሚል መብራት አየሁ። ሮዝ ነው። ገባሁ።»

«ይጥማል?» ካም ሳታስበው ትጠይቃለች።

«የት ይጥማል፣ እማ! ጣፋጭ ነው። ቃሪያውም አያቃጥልም። ግን እየተመላለስኩ እሄድ ነበር። ለምግቡ አይደለም፤ ስሙ ሥር ለመቀመጥ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ቀን ይሄን መብራት ከእናቴ ድስት በላይ እሰቅለዋለሁ እል ነበር።»

ጋሽ ፌን የቀረበላቸው ሳህን ላይ ሎሚ ይጨምቃሉ፤ ጭማቂው ያለቀበትን ደግመው ይጨምቁታል።

«ካሳቀ ይውረድ በቃ» ይላል ቪን፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው እየሳበ።

«መጀመሪያ ብላ» ትለዋለች ካም።

ሳህኑን ትሞላለታለች። በዘይት የበሰለውን ቀይ ቃሪያ ድሮ በምታውቀው ልክ ትጨምርበታለች። ቪን ከሰሌዳው ትይዩ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ትን ይለዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። ይሄ ልጅ ጡት ከመጣሉ ነበር ቃሪያ የለመደው፤ ጨምሪልኝ እያለ ያስቸግራት ነበር። አሁን እጁን ወደ ውሃው ይሰዳል።

ከዚያ ቀና ይላል። ከፊቱ የሁዌ መረቅ፣ ከኋላው የሁዌ ዝናብ፣ እናቱ አጠገቡ ቆማለች፤ እሱ ግን የሚያየው መብራቱን ነው። ካም ይህን አስተያየት ታውቀዋለች። ባቡር ጣቢያ ከሸኘችው ቀን ጀምሮ እሷም መንገዱን እንዲህ እያየች ነው የኖረችው። ልጇ ቤቱ ገብቷል፤ ናፍቆቱ ግን አልወጣለትም።

ጋሽ ፌን በማንኪያቸው ወደ ላይ ይጠቁማሉ። ድምፃቸው ለስልሷል።

«እህስ ካም፣ ይወርዳል?»

«አይወርድም።»

«ሰፈሩ ሲስቅብሽ ሊኖር?»

«ይሳቅ። እስኪደርስ ድረስ ይብራለት።»

«ማን እስኪደርስ?»

ካም በዓይኗ ወደ ቪን ትጠቁማለች። ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ትነክርና የልጇ ሳህን ላይ መረቅ ትጨምራለች። ደጅ ነግቷል፤ ሮዙ መብራት በቀን ብርሃን ይበራል።