ከዋግምት በፊት፣ ከዋግምት በኋላ

እሷንና መንትያዋን ረድኤትን ሰው የሚለያቸው በብጉር ነበር። ብጉሩ የእሷ ነው። ረድኤት ታዝንላታለች፤ ባለፈው እንኳ «ለሐኪም ላሳይልሽ» ብላ ፊቷን በስልኳ ፎቶ አንስታት ነበር። ሐኪሙ ምን እንዳለ ግን አልነገረቻትም።

ቅባቱም ኪኒኑም ሲሰለቻት፣ ለማንም ሳትናገር ዋግምት ልትታገም ሄደች። አጋሚው ሰውዬ ጀርባዋን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ ዋንጫዎቹን ደፋባት። ሻርፗን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ ጥርሷን ነከሰች።

«ቻይው ልጄ፣ መጥፎው ደም ነው የሚወጣው።»

«ግን ፊቴ እውነት ይጠራልኛል?»

«ያቺን ልጅ አታዪያትም እንዴ!» አለ ወደ ግድግዳው እያመለከተ። «እዚሁ ታግማ ነው የዳነችው።»

ቀና አለች። ትልቅ ፖስተር ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ወጥተዋል። በቀኝ በኩል «በኋላ» ይላል፤ ረድኤት ጥርት ባለ ፊቷ ትስቃለች።

«ፎቶዎቹን ማን ሰጠዎት ጋሼ?»

«ራሷ ናታ! ደንበኛም የምታመጣልኝ እሷ ናት።»

ሻርፗን ከፊቷ ላይ አወረደች።

«የግራዋ እኔ ነኝ» አለችው።